ዘጠና አራት ኪሎና ሦስት ሊትር

የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች የሰርቪስ ሹፌራቸውን «ጋሽ ቀስታ» ብለው የሚጠሩት ለስድብም ለሙገሳም አልነበረም፤ እውነታቸውን ነው። ሰውየው ጉድጓድ ሲያይ ገና ከሩቁ ይቅርታ የሚጠይቀው የሚመስል፣ መንገድ ለምታቋርጥ ድመት ሳይቀር ፍሬን ይዞ «እለፊ፣ እለፊ» የሚል ነበር። ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሚስት አላገባም፤ ከታላቅ እህቱና መካኒክ ከሆነው ባሏ ጋር አንድ ግቢ ይኖራል። ጢሙን በየጠዋቱ ሙልጭ አድርጎ ይላጫል፣ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። ይኼ ሁሉ ደግነቱ እንዳለ ሆኖ ግን፣ አትፍረዱበትና ልንገራችሁ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ አንድ ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤቱን ነዳጅ ያለ አግባብ አቃጥሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚኒባሱ አሥራ ሁለት ሰው ይጭናል። ከሥራ መልስ አሥራ አንዱ በዋናው መንገድ ላይ አንድ በአንድ ይወርዱና መጨረሻ ላይ ጋቢና የምትቀመጠው ጠራዧ ብቻ ትቀራለች። ጠራዧ የመጽሐፍ ጥረዛ ክፍሉ አለቃ ናት፤ ሰፋ ያለች፣ ሳቋ ከሆዷ የሚነሣ፣ ጣቶቿ ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ የሚሸቱ ሴት። የተገነጣጠለ መጽሐፍ ይዘው ቢሄዱላት ሰፍታ፣ ለጥፋ፣ ጀርባውን ቀጥቅጣ ሰው አድርጋ ትመልሰዋለች። ባሏ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው፤ በድልድዩ ከተሄደ ከዋናው መንገድ ስምንት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን ድልድዩ ለጥገና ተዘጋ። ሚኒባሱም ግድቡን ዞሮ፣ ኮረብታውን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ወጥቶ፣ በአርባ ደቂቃ ይደርስ ጀመር። ጉዱ የተጀመረው በነዚያ አርባ ደቂቃዎች ነው። ጠራዧ መጽሐፍ ስትሰፋ ዓይኗ ያረፈበትን ገጽ ብቻ ነው የምታነበው፤ ስለዚህ የምትነግረው ታሪክ ሁሉ መካከል የለውም። «ሰውየው ፈረሱን ሸጠ፤ ከዚያ ሠላሳ ገጽ ዘልዬ ሳይ እዚያው ፈረስ ላይ ተቀምጧል» ትለዋለች። መካከሉን የሚሞላው ጋሽ ቀስታ ነው። «ፈረሱ ጠፍቶ ወደሱ ተመልሶ ነዋ! ገዢው ክፉ ሰው ነበር» ይላል፣ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ። እሷ ትስቃለች። ስትስቅ የጋቢናው ወንበር ሲጥ ሲጥ ይላል። ለጋሽ ቀስታ ያን ድምፅ የሚያህል ዘፈን የለም።

ድልድዩ ተጠግኖ ተከፈተ። በተከፈተ ቀን ጋሽ ቀስታ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ እጁ መሪውን ወደ ግድቡ አዞረው። እሷ ምንም አላለችም። እሱም ምንም አላለም። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። «መከፈቱን አልሰማች ይሆናል» ብሎ ራሱን አታለለ፤ ሰው ራሱን ሊያታልል ከፈለገ ማን ይከለክለዋል! ይባስ ብሎ ጠዋት ጠዋት ሊወስዳት ባዶውን ሲሄድ በድልድዩ ነው የሚሻገረው፤ እሷን አሳፍሮ ሲመለስ ግን በግድቡ ይዞራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ሞላው። የመኪናው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ይጠገንልኝ ብሎም አላመለከተም። ምን ቆርጦት!

ነገሩን የቀሰቀሰው የስምሪት ኃላፊው ነው። ይኼ ሰው ሠንጠረዥ ሲያይ ፊቱ የሚፈካ፣ ለቤቱ አስቤዛ እንኳ ሠንጠረዥ ያለው ሰው ነው። ሌላው ሚኒባስ በቀን አምስት ሊትር ሲጠጣ የጋሽ ቀስታ ስምንት ይጠጣል። «መኪናው አርጅቷል» ሲባል ከረመ። ከዚያ የጠራዧ ታናሽ እህት ወለደችና ጠራዧ ልታግዛት የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰደች። ነዳጁ አምስት ሊትር ላይ ወረደ። ጠራዧ ተመለሰች፤ ነዳጁም ስምንት ላይ ወጣ። ኃላፊው ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶ ተነሣ።

«አገኘሁት!» አለ። «ክብደት ነው!»

ረቡዕ ጠዋት የሰርቪሱ ተሳፋሪዎች በሙሉ ወረቀት መጋዘኑ ውስጥ ባለው ሚዛን ፊት ተሰለፉ። አራሚው፣ ቀይ እስክሪብቶ ከጆሮው የማይለየው ቀጭን ሰው፣ ጫማውን፣ መነጽሩን፣ በመጨረሻም እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወጣና ሃምሳ ሦስት ሆነ።

«እስክሪብቶውን ባትተወው ኖሮ ሰው ትሆን ነበር» አለው ወረቀት ቆራጩ። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ።

ጠራዧ ተራዋ ሲደርስ ጫማዋን አላወለቀችም። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ወጥታ ቀጥ ብላ ቆመች። «ምሳዬ ውስጡ አለ፤ እሱም ይመዘን» አለች። ዘጠና አራት። ሰዉ አጨበጨበላት፤ እሷም ዋንጫ እንደወሰደ ሰው እጇን አውለበለበች።

ከምሳ በኋላ ግን ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ ወጣ። ማተሚያ ቤት ነውና ነገር በቃል አይቀርም፤ በትልቁ ፊደል፣ በወፍራም ወረቀት፣ በሁለት ቀለም ታትሟል። «ክብደቱ ከሰማንያ ኪሎ በላይ የሆነ ሠራተኛ ነዳጅ ስለሚያባክን ከሰኞ ጀምሮ በሰርቪሱ መጠቀም አይችልም» ይላል። ከሰማንያ በላይ የሆነ ሰው አንድ ብቻ ነበር። አራሚው ቀረብ ብሎ አንድ ነጠላ ሰረዝ አስገባበትና «ነገሩ ግፍ ነው፤ ፊደሉ ግን ንጹሕ ነው» አለ። ጠራዧ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፊቷ ቀላ፣ ሳቋ ጠፋ። ጋሽ ቀስታ ከመኪናው በር ላይ ሆኖ አያት።

የዚያን ዕለት ከሥራ መልስ ጋቢና አልገባችም፤ ኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ሌሎቹ ወርደው ሲያልቁ ጋሽ ቀስታ እንደ ልማዱ ወደ ግድቡ ዞረ። መንገዱ አላልቅ አለ። ኮረብታው አናት ላይ ሲደርሱ ድምጿን ሰማ።

«ጋሽ ቀስታ፣ እርስዎም ነዳጁን የምጠጣው እኔ ነኝ ይላሉ?»

እውነቱን መናገሪያው ያኔ ነበር። ሰውየው ግን ፈራ። ሥራው ታየው፣ እህቱ ታየችው፣ የስምሪት ኃላፊው ሠንጠረዥ ታየው።

«እንግዲህ... መኪናውም አርጅቷል» አለ።

ወይ አለመታደል! ደጇ ላይ ስትወርድ የመኪናውን በር የዘጋችበት አዘጋግ እስከ ቤቱ ድረስ ጆሮው ላይ ጮኸ።

ፈሪ ነውና ዘዴ ፈለገ። ሐሙስ ማለዳ ስኮርታ ጎማውን አወረደ፣ ክሪኩን አወረደ፣ የመፍቻ ሳጥኑንና ምንጣፎቹን አወረደ፣ የሲጋራ መተርኮሻዎቹን ሳይቀር አንድ በአንድ ነቀለ። እሱም ቁርሱን ተወ፤ ምሳውንም ተወ። ሁሉም ነገር ቀለለ፤ ነዳጁ ግን ሲለካ ያው ስምንት ሊትር ነው። በግድቡ መዞሩን አልተወማ! አትሳቁበት፤ እሷን የሚያሳፍርበት ሁለት ሦስት ቀን ቀርቶት እያለ አርባ ደቂቃውን በገዛ እጁ ለመቁረጥ አንጀቱ አልቻለም።

ከሥራ መልስ የእህቱ ባል ግቢው ውስጥ የተከመረውን ዕቃ ሲያይ ደነገጠ። «ምንድን ነው? መኪናውን ልትበታትነው ነው?»

«ክብደት እየቀነስኩ ነው። ዘጠና አራት ኪሎ በቀን ሦስት ሊትር ይበላል ተብሏል።»

«ማን ነው ይኼን ያለው? ና፣ ተቀመጥ እስቲ።» መካኒኩ የሻይ ብርጭቆውን አነሣ። «መኪናህ ሰዉ ተጭኖበት ሦስት ሺህ ኪሎ ይሆናል። ዘጠና አራቷ ከመቶው ሦስት እጅ ናት። ክብደት ነዳጅ መብላቱንስ ይበላል፤ መኪናው ሲነሣም፣ ዳገት ሲወጣም ይበላል። ግን ምን ያህል?» ብርጭቆውን ዓይኑ ሥር ደቀነለት። «ይቺን! በቀን ይቺን ታህል፣ እሷም ከሞላች። ታዲያ ሦስቱን ሊትር ማን ጠጣው? አንተ ነህ?»

ጋሽ ቀስታ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ድልድዩን፣ ግድቡን፣ የተሸጠውን ፈረስ ሳይቀር ዘረገፈው። መካኒኩ ሳቁ አፍኖት ስኮርታ ጎማው ላይ ተዘረረ። እህቱ ጫጫታውን ሰምታ ከጓዳ ወጣች፤ ነገሩ ሲነገራት ግን አልሳቀችም።

«ሴትየዋ በውፍረቷ በአደባባይ ስትዋረድ፣ አንተ አፍህን ሞልተህ መኪናው አርጅቷል አልካት?»

«አዎ።»

«ያረጀኸውስ አንተ ነህ! አሁኑኑ ተናገር። ካባረሩህም ይኼው ቤትህ፤ ጦምህን አታድርም። እሷን በሐሰት ካስባረርክ ግን እኔን እህቴ እንዳትለኝ።»

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሲፈራ ዋለ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ማሽኖቹ ጠፉና ሰዉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ፤ ኃላፊው የሰኞውን አዲስ አሠራር ሊያስረዳ ነው። ጠራዧ ቦርሳዋን አቅፋ ጥግ ላይ ቆማለች። ጋሽ ቀስታ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ማስታወቂያው ስሕተት አለበት» አለ።

አራሚው ክው አለና እስክሪብቶውን መዘዘ። «የቱ ጋ?»

«ሁሉም ጋ። ነዳጁን የጨረስኩት እኔ ነኝ። እሷን ይዤ በግድቡ ስለምዞር ነው።»

ኃላፊው ሠንጠረዡን አየ፣ ሹፌሩን አየ፣ እንደገና ሠንጠረዡን አየ። «ድልድዩ ከተከፈተ ዓመት አልፎት የለም እንዴ! ለምንድን ነው የምትዞረው?»

ጋሽ ቀስታን ላብ አጠመቀው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታው ነበር፤ መሬት ግን በዚህ ጊዜ መቼ ትገኛለች።

«በድልድዩ ስምንት ደቂቃ ነው» አለ። «ስምንት ደቂቃ አልበቃ አለኝ። እወዳታለሁ።»

ወረቀት ቆራጩ ፉጨቱን ለቀቀው። ሴቶቹ እልል አሉ። ጠራዧ ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጥታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቱ ቆመች።

«ድልድዩን የማላውቀው መስሎህ ነው?» አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። «የወጥ ቤቴ መስኮት የሚያየው ድልድዩን እኮ ነው! በየጠዋቱ በሱ ተሻግረህ ስትመጣ አይሃለሁ። ጫማዬን የማደርገው አንተን ሳይ ነው። ከዚያ አሳፍረኸኝ በግድቡ ትዞራለህ። ዓመት ሙሉ ግማሽ ሰዓት እንቅልፌን የሰጠሁት ግድብ ናፍቆኝ ነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«መናገሩ ያንተ ነዋ! ኪሎዬንማ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። እኔን ያሳረረኝ መኪናው አርጅቷል ያልከኝ ነው።» ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ ያ ከሆዷ የሚነሣው ሳቅ መጣ። ወረቀት ቆራጩ ከማሽኑ ሥር ያለውን የቁርጥራጭ ጆንያ አምጥቶ ሁለቱም አናት ላይ ገለበጠው። የስምሪት ኃላፊው ሠንጠረዡ ላይ ያረፈውን ብጥስጣሽ እያራገፈ «ነዳጅ ነዳጅ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ የሰማው ግን አልነበረም።

ሰው ሁሉ ሳይበተን አዲስ ማስታወቂያ ወጣ፤ ያው በትልቁ ፊደል፣ በሁለት ቀለም። የክብደቱ ደንብ ተሽሯል፤ ለሹፌሩ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል፤ ቆጣሪው ይጠገናል፤ ከሰኞ ጀምሮ ሰርቪሱ በድልድዩ ብቻ ይሄዳል፤ አምስት ሊትር፣ ከዚያ በላይ ጠብታ የለም። አራሚው ከላይ እስከ ታች አነበበና እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ መልሶ ሰካ።

ሰኞ ከሥራ መልስ አሥራ አንዱ ተሳፋሪዎች እየተጠቃቀሱ ወረዱ። ጠራዧ ጋቢና ነበረች። ጋሽ ቀስታ መታጠፊያው ላይ ወደ ግድቡ በዓይኑ ብቻ ሰረቅ አድርጎ አየና መሪውን ወደ ድልድዩ አዞረ። የቻለውን ያህል ተንቀራፈፈ፤ ብስክሌት አለፈው፣ ጋሪ አለፈው፤ ያም ሆኖ ከአሥር ደቂቃ ሊያስበልጠው አልቻለም። ደጇ ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና ጣሪያው ላይ ነበረች። እሱ ፊቱ ጭፍግግ አለ። እሷ የበሩን እጀታ ያዘች፤ ከዚያ ለቀቀችው።

«ሞተሩን አጥፋው» አለችው።

አጠፋው።

«እንዲህ ቆሞ ነዳጅ ይበላል?»

«ጠብታ አይበላም።»

«እንግዲያው ስማ» አለችና ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች። «ዛሬ የሰፋሁት መጽሐፍ ላይ አንዲት ሴት ባቡር አመለጣት። ከዚያ አርባ ገጽ ዘልዬ ሳይ ባቡሩን የምትነዳው እሷ ናት።»

ጋሽ ቀስታ መሪውን ለቀቀው። መካከሉን ሊነግራት ወደሷ ዞረ፤ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ።