ንጉሡ ቃል ሲጠፋው

ልብስ ሰፊዋ አባቷን ለከሰዓቱ ትርኢት አራተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። የኮታቸውን ቁልፍ ቆላልፋ፣ ዛሬ ማየት ብቻ ነው ብላ አደራ አለቻቸው። እሺ አሉ። እሺ ማለት መቼም አይከብዳቸውም።

ሠላሳ ዓመት ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ቃል ለጠፋው ተዋናይ ቀጣዩን ሹክ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቲያትር ቤቱ ውስጥ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም፤ አባ ሹክሹክ ናቸው፣ በቃ። ዕድሜ ተጫጭኗቸው የትናንቱን ከዛሬው መቀላቀል ሲጀምሩ አሰናበቷቸው። ከዚያ ወዲህ ከግድግዳ ጋር ተፋጠው ይውላሉ፤ እህልም ካጎረሷቸው እንጂ የለም። ልጃቸው እዚያው የተዋናዮቹን ልብስ ትሰፋለችና ኃላፊውን መድረሻ አሳጣችው። ምላሷ ምላጭ ነው፤ ሰውን እንደ አሮጌ መጋረጃ ጠቅልላችሁ ጣላችሁት እስከማለት ደርሳለች። ሲመረው፣ አዲሱን ተውኔት በጸጥታ አይተው ከለመዱት ከሰኞ ጀምሮ ወደ በርጩማቸው ይመለሱ አላት።

አዲስ የተባለው ግን ያው የጥንቱ ነበር፤ ልጁን ሳያውቅ የገደለው ንጉሥ። አባቷ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘውታል። ስንቱን ሲያስለቅስ የኖረውን ታሪክ አሁን ወደ ቀልድ ገልብጠውታል። ዘውዱ የድስት ክዳን ነው፤ ሟቹ በየደቂቃው ቀና እያለ ራት መድረሱን ይጠይቃል። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። አባቷ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እሷም መድረኩን ትታ ያን ከንፈር ትጠብቃለች።

ንጉሡ ሬሳው ላይ ጎንበስ አለና ዝም አለ። ለሳቅ የተመጠነ ዝምታ ነው፤ ተዋናዩ በልቡ እስከ አስር ይቆጥራል። ለአባ ሹክሹክ ግን መድረክ ላይ ዝም ያለ ሰው ቃል የጠፋው ሰው ነው፤ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ክንዳቸውን ብትይዝም አፋቸውን አልደረሰችበትም።

«ጠላቴ ያልኩት የገዛ ደሜ ኖሯል» አሉት።

ንጉሡ ዞረ። ያልሰማቸው መስሏቸው ጮክ ብለው ደገሙለት። የተውኔቱ አካል የመሰለው ተመልካች አዳራሹን በሳቅ አናጋው። ተዋናዩም ነገሩ ስለጣመው እያሰለሰ ዝም ይል ጀመር፤ እሳቸውም በየዝምታው ደረሱለት። ልጅቱ በኀፍረት ጉልበቷ ላይ የደፋችውን ፊት እስከ መጨረሻው ቀና አላደረገችም።

ሲያልቅ ኃላፊው የሳቅ እንባውን እየጠረገ መጣ። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«በርጩማውን እርሺው፣ እህቴ። በየቀኑ እዚሁ ይቀመጡልኝ፤ ዛሬ እንዳደረጉት ያድርጉ። ብቻ እንዳትነግሪያቸው፤ ካወቁት አያምርም።»

የምትመልሰው ሞልቷት ነበር። ዞር ስትል አባቷን አየቻቸው፤ ስንት ወር የጎበጠው ትከሻ ቀና ብሏል፣ ፊታቸው በርቷል።

«አየሽ ልጄ፣ ያለ እኔ አንዱም ቃሉን አልያዘ» አሏት። «እንዴት ብዬ ጥያቸው ልቅር?»

እሷም የኃላፊውን ዓይን ሳታይ፣ አባቷ ነገ በስንት ሰዓት እንደሚመጡ ጠየቀችው።