ግንዱ የሮይስ፣ ውሃው የአልሚራ

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲወርድ በከረመው በረዶ ክብደት፣ አልሚራ ኮልበርን ላሞቿን የምታሳድርበት ትልቅ ጎተራ ግማሽ ጣሪያው ተደረመሰ። ላሞቹ በደህናው በኩል ስለነበሩ አልተጎዱም። አልሚራ ካፖርቷን ደርባ ወጣች፤ ስብርባሪውን ዞራ አየችና ላሞቿን ልታልብ ገባች።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣላት። የላከው የሮይስ ጠበቃ ነበር። ሮይስ የሟቹ ባሏ የአሞስ ልጅ ነው፤ እሷ ግን አልወለደችውም። አሞስ ሲናዘዝ ቤቱንና መሬቱን አልሚራ በሕይወት እስካለች ድረስ እንድትኖርበትና እንድትጠቀምበት፣ ከእሷ በኋላ ደግሞ የሮይስ እንዲሆን ብሎ ነበር። ደብዳቤው እንደሚለው፣ በሰው ንብረት የሚጠቀም ሰው ንብረቱን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ጎተራው እስከ ግንቦት መጀመሪያ ካልተጠገነ ሮይስ መሬቱን ከእጇ እንዲያወጣለት ዳኛውን ይጠይቃል።

ለምን እንደቸኮለ በዚያ የአሜሪካ ቬርሞንት ሸለቆ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የበረዶ መንሸራተቻ ሥፍራ የሚሠራ ድርጅት ኮረብታውን ፈልጎታል፤ የፈለገውም ዛሬ እንጂ አልሚራ ከሞተች በኋላ አይደለም። ሮይስ ራሱም አንድ ቀን መጥቶ ወጥ ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ምን ያደክምሻል? ከተማ ውስጥ ሞቅ ያለ ቤት እፈልግልሻለሁ» አላት።

«እናቴ የሞተችው በዘጠና አራት ዓመቷ ነው» አለችው አልሚራ። «እሱንም ከመሰላል ወድቃ። ታገሥ።»

እሷ ያን ጊዜ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነበር።

የራሷ ጠበቃ አቶ ዊትኮም፣ ጆሮው የደከመ ግን ሕጉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ነገሩን በቀላሉ አስረዳት። ድርቆሹ፣ ወተቱ፣ ፍሬው የእሷ ነው። የማገዶ እንጨትና ለቤት፣ ለጎተራና ለአጥር መጠገኛ የሚሆን ዛፍም መቁረጥ ትችላለች። ለሽያጭ ግን አንድ ግንድ መንካት አትችልም፤ የቆመው ዛፍ የሮይስ ነውና። ይህን ሰምታ ከጎረቤቷ ከሃርላን ፓይክ ጋር ጫካ ገባች። አሥራ አንድ ጥድ ጣሉ፤ በበረዶው ላይ እየጎተቱም ወንዙ ዳር ወዳለው የሃርላን እንጨት መሰንጠቂያ አደረሷቸው።

በዚያ ሸለቆ እንጨት የሚሰነጠቀው በእኩል ነው። ባለዛፉ ግማሹን ሳንቃ ይወስዳል፣ ባለመጋዙ ለድካሙ ግማሹን ያስቀራል። ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይዋዋልም፤ አልሚራም በሙሽርነቷ ዘመን እንዳየችው ዝም ብላ ተቀበለች። ሃርላን ሰንጥቆ ሲጨርስ ሳንቃውን ሁለት ቦታ ከመረው፤ ወደ ቤቱ ያለው የእሱ፣ ወደ መንገዱ ያለው የእሷ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ሮይስ በዚያ አለፈ። ሥራው ለእንጨት ነጋዴዎች ጫካ መገመት ነበር፤ የቆመ ዛፍ አይቶ ስንት ሳንቃ እንደሚወጣው ይናገራል። ሃርላን ቤት በኩል ያለውን ክምር ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈና ሄደ። ሃርላን ይህን ለአልሚራ ሲነግራት እየሳቀ ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ለአቶ ዊትኮም ስልክ ደወለች።

«ግማሹን ለሃርላን ሰጡት?» አላት ሽማግሌው።

«ለመሰንጠቂያው ነው። ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል።»

«ሁሉም የሚያሰነጥቀው የራሱን ዛፍ ነው፣ ወይዘሮ ኮልበርን።»

ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም። አቶ ዊትኮምም እንዲህ ያለውን እንደ ጥፋት ሳይቆጥሩ የሚያልፉ ዳኞች እንዳሉ፣ የነሱ አውራጃ ዳኛ ግን ከእነሱ ወገን እንዳልሆነ ነገራት። ከመሬቱ የወጣ ሳንቃ ሁሉ ወደ መሬቱ መመለስ አለበት። ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ወደ ሃርላን ሄደች።

ሃርላን ሳንቃውን ለመመለስ አልከፋውም፤ ችግሩ ከሳንቃዎቹ በስድስቱ የአሳማ ጋጣ መሥራቱ ነበር።

«አሳማዎቹ ገብተውበታል፣ አልሚራ።»

«አስወጣቸው።»

«እኔስ? በነፃ ነው የሰነጠቅሁት?»

አልሚራ ቀና ብላ ኮረብታውን አየች። ከጥዶቹ በላይ የሜፕል ዛፎቹ ቆመዋል፤ በዚያ ወቅት ግንዳቸው ሲበሳ ጣፋጭ ውሃ ይወጣቸዋል፣ ውሃው ሲፈላም እንደ ማር የወፈረ ሽሮፕ ይሆናል። ዛፉን ካልቆረጡት ውሃው በየዓመቱ ይመጣል፤ እንደ ወተቱ፣ እንደ ድርቆሹ።

«ግንዱ የሮይስ ነው፤ ውሃው የእኔ ነው» አለች። «ሠላሳ ጋሎን ሽሮፕ እሰጥሃለሁ።»

ሃርላን ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። እሷ ከአሞስ ሞት ወዲህ በዓመት ከአሥር ጋሎን በላይ አፍልታ አታውቅም። እሱም ይህን ያውቃል። «ያን ደካማ እግርሽን ታውቂዋለሽ» አለ።

«የምታፈላው እጄ ናት» አለችው።

ሁለት መቶ ዛፍ በስታ ከየቀዳዳው ሥር ባልዲ ሰቀለች። ጠዋት ላሞቿን አልባ፣ ባልዲዎቹን በየተራ ትሰበስብና በበረዶ ሸርተቴ እየሳበች ወደ ማፍያው ዳስ ታወርዳለች። አርባ ጋሎን ውሃ ፈልቶ ፈልቶ የሚተርፈው አንድ ጋሎን ነው። እንፋሎቱ ፀጉሯን አጣበቀው፣ የእሳቱ ወላፈን ቅንድቧን ለበለበው። ለማገዶ የወደቀ ቅርንጫፍ ብቻ ለቀመች፤ የማገዶ ዛፍ መቁረጥ እንደተፈቀደላት ብታውቅም፣ ለሮይስ ደብተር አንድ መስመር እንኳ ልትሰጠው አልፈለገችም። በሁለተኛው ሳምንት ሞቃት ነፋስ መጣና ውሃው ቆመ። አምስት ቀን ባዶ ባልዲ እያየች ተመላለሰች። በስድስተኛው ሌሊቱ በረደ፣ ቀኑ ሞቀ፣ ባልዲዎቹም እንደገና ይንጠባጠቡ ጀመር። ሚያዝያ ሲገባ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲያ ውሃው ይመራል። ሃያ ስምንት ጋሎን ሞልታ ነበር። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ለዓመት ቀለቧ ያስቀረችውን ያለፈውን ዓመት ሁለት ጋሎን አወጣች፤ በላዩ ጨመረችና ለሃርላን ወሰደችለት።

ሃርላን ቆጠረ። ከዚያ አንዱን ጋሎን አንስቶ ሊመልስላት ሲል እጁን ገፋ አደረገችው። «ሠላሳ ነው ያልኩህ» አለች። ሃርላንም አሳማዎቹን አስወጥቶ ሳንቃውን ሁሉ መለሰ።

ጎረቤት ተሰብስቦ በሁለት ቅዳሜ ወራጁንም ሳንቃውንም ሰቀለው። ግንቦት አንድ ቀን ሮይስ ሲመጣ አልሚራ ጣሪያው ላይ ተቀምጣ የመጨረሻውን ጠርዝ ትመታ ነበር። መጀመሪያ ጫካ ወጥቶ ጉቶዎቹን ቆጠረ፤ ወርዶ ውስጥ ገብቶ ሳንቃውን ቆጠረ፤ ከዚያ ወጥቶ ደብተሩን እያየ ከደጅ ቆመ።

«ስድስቱ ላይ አሮጌ የሚስማር ቀዳዳ አለ» አላት ሽቅብ። «አሳማም ይሸታሉ።»

«ይሸታሉ። ግን እዚህ ናቸው።»

«አራት ተርፈዋል።»

«ለበሩ ናቸው። እሱም የአንተ ነው።»

ሮይስ እርሳሱን በጣቱ መካከል አሽከረከረው። ሂሳቡ ሞልቶ ነበር፤ እሱ ደግሞ በሂሳብ የሚዋሽ ሰው አልነበረም። ደብተሩን ዘግቶ ኪሱ ከተተና እጁን በአዲሱ ምሰሶ ላይ አሳረፈ። ገፍቶ ነቀነቀው። አልተነቃነቀም።

«ጥሩ ተሠርቷል» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል።

«ስትወርሰው እንዳያፈስብህ ብዬ ነው።»

መዶሻዋን ወገቧ ላይ ሻጠችና ወደ ጠርዙ ተሳበች። መሰላሉ ገና ባልደረቀ ጭቃ ላይ ነበር የቆመው፤ እግሯን ስታሳርፍበት ወደ ጎን ተንሸራተተ። ባለችበት ቆማ ቁልቁል አየችው።

«ሮይስ» አለች፣ «መሰላሉን ያዝልኝ።»

ቆሞ አያት። ከዚያ መጣና በሁለት እጁ ያዘው፤ እግሩንም መርገጫው ላይ ጫነ። አልሚራ አልቸኮለችም። አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን መርገጫ በእግሯ እየፈተሸች፣ ወረደች።