የቶቢያስ አረማመድ

«እስቲ አንዴ የአባትህን አረማመድ አሳየንና እንሳቅ! እሳቸውም ቢሆኑ የተኮማተረ ፊት አይወዱም ነበር» አለ ዳቦ ጋጋሪው ሮውላንድ ቢራውን እየተጎነጨ።

አምብሮዝ አንገቱን ደፋ። አባቱ፣ በርሜል ሠሪው ቶቢያስ፣ ከደረጃ ወድቀው ከሞቱ ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ አስከሬናቸው ጓዳ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ለቀስተኛው እንደ አገሩ ልማድ እግራቸው ሥር የጥብስ ቅጠል አኑሮ ሲወጣ የሚያወራው ግን ስለ ልጁ ነው። በዚያ ዘመን የለንደን ቲያትር ያለ ሞኝ አባትና ያለ ብልጥ ልጅ አይሆንለትም፤ ሞኝ አባት ሆነው ከሚጫወቱት ተዋንያን ሁሉ ደግሞ አምብሮዝን የሚያህል አልነበረም። ግራ እግሩን እየጎተተ፣ በየሦስት እርምጃው ወገቡን ይዞ ሲያቃስት ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። አካሄዱን ከማን እንደወሰደው ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቃል።

«ተው እንጂ ሮውላንድ፣ ነውር አይደለም እንዴ?» አለች ታላቅ እህቱ ሲስሊ። ወንድሟን በዓይኗ ጠርታ ጓዳ አስገባችው፤ የመግነዙ ጫፍ ገና አልታሰረም።

«ለምን እንደወደቁ ታውቃለህ?» አለችው በሹክሹክታ። «ባለፈው ጸደይ ተደብቀው ቲያትር ቤት መጥተው አይተውሃል። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ቀጥ ብዬ ካልሄድኩ ብለው ምርኩዛቸውን ጣሉ። ደረጃውንም የወጡት ያለ ምርኩዝ ነው።»

አምብሮዝ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አንተማ ምን ታደርግ፣ መምጣታቸውን አላወቅክ። ብታውቅማ እንዲያ አታደርግም ነበር።»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ይበቃው ነበር። ግን የዚያን ቀን ከሰዓት ትዝ አለው። አባቱ የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው መድረኩ ምሰሶ አጠገብ ከቆመው ሕዝብ መካከል ነበሩ። ተያዩ። አምብሮዝ እግሩን ቀጥ ሊያደርግ አሰበ፤ ሳቁ ግን ጣፈጠው፣ ጭራሽ ማቃሰቱን ጨመረበት። ሽማግሌው ግራ ቀኛቸውን ቃኝተው፣ ከሰው ዘግይተው፣ እሳቸውም ሳቁ።

«አይቻቸዋለሁ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ቆመው አይቻቸዋለሁ ሲስሊ። ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ሰው ሲስቅልኝ ጊዜ ባሰብኝ።»

ሲስሊ ዞራ የመግነዙን ሁለት ጫፎች ከአባቷ እግር በታች አቆላለፈች። ልትቋጥር ስትል ላላባት። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ላላባት።

«ጣትህን እዚህ አድርግ» አለችው ፊቱን ሳታይ።

አምብሮዝ ጣቱን ጨርቁ ላይ ተጫነ። እህቱ ቋጥራ ስትጨርስም እጁን አላነሳም።