ዲምቱ ወልዳለች?

ጀይሉ ዓፊያ ቤት ሲመጣ አንኳኩቶ አያውቅም። የራሱ ቤት ነዋ። እናቱ እሱን በወለደች በሳምንቷ ስትሞት፣ ዓፊያ ልጇን ሪሀናን ታጠባ ነበርና አንዱን ጡት ለእሱ ሰጠችው። በዲኑም በአገሩም ደንብ የጡት ልጇ ነው፤ ለሪሀናም ወንድሟ። አድጎ፣ ከሚሴ ውስጥ የቀበሌ ፀጥታ ሠራተኛ ሆኖ፣ መገናኛ ሬዲዮው ወገቡ ላይ እየተንጫጫ እንኳ ሰተት ብሎ ገብቶ የድስቱን ክዳን ከፍቶ «ዛሬ ምን አለ?» ማለቱን አልተወም።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን በሩ ላይ ቆሞ አንኳኳ።

«አካም ቡልቴ እማ? እንዴት አደርሽ?»

«አልሀምዱሊላህ። ምነው ዛሬ እንግዳ ሆንክ? ግባ እንጂ!»

ገባ። ድስቱን ግን ዞር ብሎም አላየው። ሪሀና መደቡ ላይ እግሯን በትራስ ደግፋ ተቀምጣለች። ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት። ከሰንበቴ ገበያ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ላይ ቦምብ ከተወረወረ ወዲህ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏል። በዚያ ቀን አንድ ሽማግሌ ሞተዋል፤ የቆሰለውም ብዙ ነው። ማን እንደወረወረው የሚያውቅ የለም። ጊዜው 2009 ዓ.ም. ነው፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ አገሩ ሁሉ በሹክሹክታ የሚያወራበት ሰሞን።

«እማ፣ የመጣሁት ለሥራ ነው» አለ ጀይሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አገጩን ወደ ግቢው ጥግ ቀሰረ። እዚያ ያለችውን ክፍል ሙሳ የሚባል ከባሌ የመጣ የኦሮምኛ አስተማሪ ተከራይቷታል። «ማን ይመጣበታል? በስልክ ምን ያወራል? እሱን ብቻ ንገሪኝ። የሰፈሩ አንድ ለአምስት መሪ አንቺ አይደለሽ?»

መሪስ መሪ ናት። አምስት ቤት ተሰጥቷት ሽንት ቤት ተቆፈረ ወይ፣ ሕፃናት ተከተቡ ወይ እያለች ስትዞር ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን መጥቶባት አያውቅም።

«ምን አድርጎ ነው?»

«አላውቅም። ስላላወቅሁ ነው የምጠይቅሽ።» የሪሀናን ጉልበት አየ። «ይሄን ያደረገ ሰው እኮ እማ፣ የሆነ ግቢ ተከራይቶ፣ የሆነች እናት ሰላም እያለችው ነው የኖረው።»

ዓፊያ ልጇን አየች። ሪሀና በእንቅልፍ ልቧ ስትቃትት እየሰማች፣ ያንን ሰው አንድ ጊዜ ፊቱን ባየሁት ያለችባቸው ቀኖች ነበሩ።

«እሺ» አለችው። ከልቧ ነበር።

ገበያ ወርዳ ሻሽና ሽርጥ ስትሸጥ ዋለች፤ ግን ሐሳቧ ከቤት ነበር። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ዕቃዋን ሰብስባ ተመለሰችና ግቢው ውስጥ ምስር እየለቀመች ቁጭ አለች። ሙሳ ከተማሪዎቹ ጋር መጣ። ላፕቶፑን ከፍተው የቤት ሥራ ይሠራሉ፤ መሀል መሀል ላይ ስለ ኳስ ይከራከራሉ። ዓፊያ ልጆቹን ልብ ብላ ለማየት ሞከረች። ያየችው የአንዱን የተቀደደ ጫማ ነው፤ «እናቱ አላየችለትም?» ስትል ፊቱን ሳታይ ቀረች።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ሙሳ ስልኩን ይዞ ዘይቱን ዛፉ ሥር ቆመ። ግቢው ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ዓፊያ ኦሮምኛው አፏን የፈታችበት ነውና እያንዳንዱ ቃል ገባት። ስሙን ተናገረ። የአባቱን ስም ተናገረ። የአንድ ወንዝ ስም ጠራ። ትንሽ አዳመጠና «ዲምቱ ወልዳለች» አለ። ትናንትም ከትናንት ወዲያም እንዲሁ ሲል ሰምታዋለች፤ ልብ ያለችው ግን ዛሬ ነው። ሰው በየቀኑ ስልክ አንሥቶ የገዛ ስሙን ለማን ይናገራል?

ጀይሉ ዘንድ መሄድ ትችል ነበር። ምስሩን አስቀምጣ ወደ ሙሳ ሄደች።

«ሙሳ ልጄ፣ ቦምብ አለህ?»

ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋ፤ ዓይኑ ሪሀና ወደተቀመጠችበት መስኮት ሄደ።

«የለኝም አዴ» አለ፤ እናቴ ማለቱ ነው። «ይግቡና ይፈትሹ።»

«አልፈትሽም። እንድከታተልህ ተነግሮኛል። እኔ ደግሞ ሰውን ከኋላው ማየት አልችልበትም፤ አላህም አይወድልኝም። ፊት ለፊት ልጠይቅህ። በየቀኑ ስምህን የምትነግረው ለማን ነው?»

ሙሳ ዛፉ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ለእናቴ» አለ። «መርሳት ጀምራለች። ወንድሜ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያደርግላታል፤ እሷ ‹ኤኙ?› ትለኛለች፤ ማነህ? ከስሜ እጀምራለሁ። ከዚያ የአባቴን ስም፤ ከዚያ ቤታችን አጠገብ ያለውን ወይብ ወንዝን። አንዳንድ ቀን ወንዙ ላይ ስደርስ ታውቀኛለች። አንዳንድ ቀን አታውቀኝም።»

«ዲምቱስ?»

«ስትዳር የተሰጠቻት ቀይ ላም ናት። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው የሞተችው። እናቴ ግን እርጉዝ ናት ብላ ትጠብቃታለች። መጀመሪያ እውነቱን ነገርኳት፤ ላሟ ያን ዕለት የሞተች ያህል አለቀሰች። በነጋታው መልሳ ጠየቀችኝ። በየቀኑ ላሟን ልግደልባት? አሁን ወልዳለች እላታለሁ።»

ዓፊያ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ምን ወለደች ትላታለህ?»

«እንደ ቀኑ ነው። በጣም የከፋት ቀን ሴት ጥጃ እላታለሁ።» ከዚያ ቀና ብሎ «አዴ፣ እንዳልደብቅዎት፣ ከልጆቹ ጋር ፖለቲካም አወራለሁ። ያለ ጥፋት የታሰሩት ይፈቱ እላለሁ። እሱንም ይንገሯቸው» አላት።

«እሱ ያንተ ሐሳብ ነው። የጠየቅሁህ ቦምብ ነው።»

በማግስቱ ስለ ስልኩ ለጀይሉ ነገረችው፤ ለእናቱ እንደሚደውል፣ እናቱ እንደምትረሳ፣ ዲምቱ ምን እንደሆነች። ሙሳን ራሱን እንደጠየቀችውም አልደበቀችም። ጀይሉ ጭንቅላቱን ያዘ።

«እማ! ነገርሽው?»

«ነገርኩት። እኔ ስለ ሰው የምናገረውን ሰውየውም ይስማው።»

«ይሄ ሥራ እንደዚያ አይሠራም!»

«እንግዲያው እኔ አልሠራውም።»

ጀይሉ ተቆጥቶ ወጣ።

ጥቂት ቀናት አልፈው ሙሳ ከክፍል ውስጥ፣ ተማሪዎቹ እያዩት ተወሰደ። ወሬውን ይዞ የመጣው ራሱ ጀይሉ ነው። መሬት መሬት እያየ በሩ ላይ ቆመ።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም። ከሌላ ቦታ የመጡት ሰዎች ስልኩን ሲሰሙት ነበር። በየቀኑ ስም ይናገራል፣ ወንዝ ይጠራል፣ ላም ወለደች ይላል፤ አንድ ቀን ሴት፣ አንድ ቀን ወንድ። የምሥጢር ቃል ነው አሉ።»

«እናቱ ናት ብዬህ የለ!»

«ነገርኳቸው እማ። አከራይዋ አስቀድማ ስለነገረችው አጥንቶ የመለሰላት ነው አሉኝ። ስለነገርሽው ቃልሽ ዋጋ አጣ።»

ዓፊያ እውነት መናገሯ ሙሳን ይጎዳዋል ብላ አላሰበችም ነበር። ለመሄድ ሻሿን አሰረች። ሪሀና ምርኩዟን አንሥታ ከመደቡ ወረደች።

«አንቺ ወዴት?»

«እኔም እሄዳለሁ።»

ሦስቱም በአንድ ባጃጅ ተጫኑ። የተያዙትን ያቆዩበት ከከተማው ዳር ያለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። ጀይሉ ዘቡን ለምኖ አስገባቸው። ኃላፊው ወንድማገኝ የሚባል፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው። ሪሀናን ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ። ያን ቀን ከሚኒባሱ ውስጥ ተሸክሞ ያወጣት እሱ ነበር።

«እህቴ! እግርሽ እንዴት ሆነ?»

«ደህና ነው፤ አልሀምዱሊላህ። ስለ አስተማሪው ነው የመጣነው።»

ወንድማገኝ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ወደ ዓፊያ ዞሮ «እናቴ፣ እኔ አንድ ጊዜ ብሳሳት ሌላ ልጅ እንደ እሷ ትሆናለች። ሽማግሌው እጄ ላይ ነው ያረፉት። ቸል ብዬው ቢሆንስ እያልኩ ነው የማድረው» አላት።

«አውቃለሁ ልጄ። አላህ ይጠብቅህ፤ እኛንም ጠብቀን። ግን የእሱን ስልክ ስትሰሙ ከርማችኋል፤ የምትመልስለትንስ ሴት ሰምታችኋታል?»

«አሮጊት ናት። ብዙም አትናገርም።»

«እንግዲያስ ደውሉላት። እኛም እዚሁ እንስማት።»

ወንድማገኝ የቀሉ ዓይኖቹን አሻሸ። ሪሀና በምርኩዟ ተደግፋ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«እኔን የጎዳኝ እሱ ከሆነ እሰሩት። ካልሆነ ግን የታሰረው በእኔ ቁስል ነው። እኔ እንዴት ብዬ ልተኛ?»

ሰውየው መሳቢያውን ሳበና የሙሳን ስልክ አወጣ። ኦሮምኛ ስለማይችል ለጀይሉ ሰጠው። «አንተ አናግራት። ሙሳ ነኝ በል። የምሥጢር ቃል ከሆነ ይለያል።»

ጀይሉ ዓፊያን አየ። ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ወንድምየው ወዲያው አነሣና «ሙሳ! የት ጠፋህ? እህል አልቀምስ ብላኛለች» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ስልኩን ለእናቱ ሰጠ።

«ኤኙ?» አለ ቀጭን ድምፅ።

«አኒ ሙሳ» አለ ጀይሉ። ዓፊያ የአባቱን ስም በሹክሹክታ ነገረችው፤ ተናገረ። ወይብን ጠራ። አሮጊቷ እስኪጨርስ አዳመጡት።

«አንደበትህ ተለወጠ» አሉ። «የሰው አገር እህል ነው እንዲህ ያደረገህ?»

የወለደችውን እናት ድምፅ ሰምቶ የማያውቀው ጀይሉ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «አዎ እናቴ። የሰው አገር እህል ነው።»

«ዲምቱን ደልቴ?»

«ምን አለች?» አለ ወንድማገኝ።

«ዲምቱ ወልዳለች ወይ ነው የሚሉት» አለ ጀይሉ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ዞሮ፣ «ወልዳለች እናቴ። ሴት ጥጃ» አለ።

አሮጊቷ እንደ ልጅ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ረጅም ምርቃት ጀመሩ፤ እሱን፣ ጥጃዋን፣ ልጃቸው ያረፈበትን ቤት ባለቤት መረቁ። ዓፊያ መዳፏን ዘርግታ «አሚን» አለች። ጀይሉ አንዱንም ሳያስቀር ለወንድማገኝ ተረጎመለት። መጨረሻ ላይ አሮጊቷ «መቼ ነው የምትመጣው? መልክህን እንዳልረሳው እየፈራሁ ነው» ሲሉ ግን መተርጎም አቃተው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዓፊያ ናት ለወንድማገኝ የተረጎመችለት።

ወንድማገኝ መለዮውን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ።

«ወረቀት ላይ ተተርጉሞ ሲመጣ ሌላ ነገር ይመስል ነበር» አለ። «ሳቋን የጻፈው የለም።»

ያን ዕለት ሙሳ አልተፈታም፤ መጀመሪያ የበላይ ማስፈቀድ ነበረባቸው። ወንድማገኝ ግን በማግስቱ አስፈቅዶ ዋስ ጥሩ አለ። ዓፊያ ፈረመች። ጀይሉ መታወቂያውን አውጥቶ ከጎኗ ሲፈርም፣ አለቆቹ ምን እንደሚሉት ሳይጠፋው ነው።

ሙሳ ከስቶ ተመለሰ። ሪሀና ውኃ አሞቀችለት፤ ዓፊያ ገንፎ ሠራችለት። በልቶ አመሰገነ። የስልኩ ሰዓት ሲደርስ ግን ዘይቱን ዛፉ ሥር ሄዶ፣ ስልኩን አውጥቶ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ምነው?» አለችው።

«አዴ፣ የእናቴ አእምሮ ገመናዋ ነው። ለእኔ ብቻ ነበር የምትገልጠው። ስንት ሰው ሰማት?»

ጀይሉ የግቢው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እንደሰማ ፊቱ ይናገራል። ቀረብ አለ።

«እኔ ሰምቻታለሁ» አለ። «አንተን መስዬም አናግሬያታለሁ። አፉ በለኝ።»

ሙሳ ወደ እሱ ዞረ።

«ዲምቱን ጠየቀችህ?»

«አዎ።»

«ምን አልካት?»

«ሴት ጥጃ።»

የሙሳ ትከሻ ትንሽ ላላ። «ደግ አድርገሃል» አለ።

«መቼ ትመጣለህም ብላኛለች። እሱን አልመለስኩላትም። እሱ ያንተ ነው።»

ሙሳ መልሱን በስልክ አልሰጠም። የመንፈቁ ትምህርት ሲዘጋ ባሌ ወረደ። ጀይሉ ነው ሻንጣውን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያው የሸኘው። ሲሰነባበቱ «አብሽር፣ አይዞህ!» አለው፤ ሌላ አልተነጋገሩም።

ትምህርት ሲከፈት ሙሳ ተመለሰ፤ ብቻውን ግን አልነበረም። እናቱን በክንዱ ደግፎ፣ ወንድሙ ጓዛቸውን ይዞ ከባጃጅ ወረዱ። ጠባቧ ክፍል ላይ ሌላ አልጋ ተጨመረ። ዓፊያ የኪራይ ነገር እንዳይነሣ ከልክላ፣ ቀበሌ ሄዳ ደግሞ «ሽንት ቤትና ክትባት ከሆነ እመራለሁ፤ የሰው ስልክ ከሆነ ግን ሌላ ፈልጉ» አለቻቸው። ቅር ተሰኙ፤ ሌላ ፈለጉ።

ጀይሉ ሥራውን አልተወም። ቦምቡን የወረወረው ሰው እስከ ዛሬ አልተያዘም፤ ጀይሉም ያንን ሊረሳው አይችልም። በዋስነቱ የተነሣ ወደ ገበያ ጥበቃ አወረዱት፤ ከሰው ጋር ፊት ለፊት መነጋገሩን ስለለመደው ብዙም አልከፋው።

አሮጊቷ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ጉልበቷን እንድታለማምድ ሐኪም ያዘዛት ሪሀና መጥታ ክንዳቸውን ትይዛለች። እስከ ግቢው በር ሄደው ይመለሳሉ፤ እሳቸው ስለ ወንዙ እያወሩላት፣ እሷ ቀስ እያለች።