ቫርኒሽ የተቀባው አደራ

ሽታው እስካሁን ከጉሮሮዬ አልወጣም። ዛሬ ጠዋት ኦክላንድ ቤታችን ጋራዥ ገብቼ ሳየው አፍንጫዬን ያዝኩ። የሚስ ዶሮቲ ሳጥን፣ የሰው አደራ፣ እንደ ሬሳ ሳጥን ያብለጨልጫል! ባሌ ተክለጻድቅ ብሩሹን ይዞ አጠገቡ ቆሟል፤ «እጅህ ይባረክ» እስክለው ይጠብቃል።

«ምን አደረግከው?»

«በማሽን ፍቄ ሳንድ አደረግኩት። ከዚያ ቫርኒሽ። ውስጡን፣ ሥሩን፣ ክዳኑን፤ አንድም ቦታ አልዘለልኩም። የሰው ዕቃ እንዲሁ ከነቆሻሻው ይመለሳል እንዴ? ነውር አይደለም?»

ወይ መዓቴ! ነውር ይለኛል ደግሞ!

ሚስ ዶሮቲን ዓይናቸው ከጠፋ ጀምሮ የምንከባከባቸው እኔ ነኝ። ሳን ሆዜ ያለው የአረጋውያን ቤት ሲገቡ «ክፍሌ እስኪስተካከል አንቺ ጋ ይቆይ» ብለው የሰጡኝ ይሄንኑ ሳጥን ነው። አሜሪካ ገና አዲስ አገር ሳለች የአያታቸው አያት በእጁ የሠራው ነው። አንድ ሚስማር የለበትም፤ ማእዘኑ ላይ ሳንቃዎቹ እንደ ጣት ተጠላልፈዋል። ሰማያዊ ቀለሙ እጅ በሚይዘው በኩል ተልጦ ነበር። የክዳኑ ውስጥ ደግሞ የሰውዬው እንጨት መላጊያ ያለፈበት ሁሉ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል፤ በዓይን አይታይም፣ በጣት ነው የሚገኘው። ሚስ ዶሮቲ ሲከፋቸው ጣታቸውን እዚያ ላይ እየነዱ «ይኸው፣ እዚህ ጋ ክንዱ ደክሞታል» ይሉኝ ነበር።

ያንን ነው በማሽን ፍቆ የጣለው! ክዳኑን ከፍቼ ዳበስኩት። ሙልጭ ብሏል፤ ጭራሽ ይጣበቃል። እጄን በሳሙና ፈተግኩት፣ ሽታው አለቀቀም። ባሌም ሳጥኑም እኩል አስጠሉኝ።

ሚስ ዶሮቲ ግን ትናንት ኮል አድርገው «ክፍሌ ደርሷል፣ አምጪልኝ» ብለዋል። ምን ላድርግ? ይዘነው ሄድን። መንገዱን ሙሉ መስኮቴን ከፍቼ ተቀመጥኩ። እሱ ምን ተዳው፣ ፍሪሞንት ላይ ትራፊክ ሲይዘን እንኳ ቫርኒሹ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ያወራል።

«በጣም ነው ደስ የሚላቸው፤ ታያለሽ።»

ሳጥኑን ጭናቸው ላይ ስናስቀምጥላቸው የሚስ ዶሮቲ ፊት በራ። ክዳኑን ከፈቱ። ጣታቸው ወደ ውስጥ ገባ፣ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ። ደግመው ፈለጉ። ከዚያ ጣታቸውን አሸተቱና አፍንጫቸውን ሰብሰብ አድርገው በብርድ ልብሳቸው ጠረጉት።

«ቆንጆ ነው» አሉ በጨዋ ደንብ። «ስጦታ እንኳ ማምጣት አልነበረባችሁም። አመሰግናለሁ።» ሳጥኑን ገፋ አደረጉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «በሉ አሁን የኔን ስጡኝ።»

ተክለጻድቅ ዞሮ አየኝ።

«ምን ታየኛለህ?» አልኩት በአማርኛ። «ስጣቸው እንጂ!»