ከፏፏቴው በላይ ያለው ዓሣ

ጣቢታ ለዓሣ ያላት ፍቅር የጤና አይደለም ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሰበታ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩት አባቷ እንኳ «የማይበላ ዓሣ ስታሳድድ ትውላለች» እያሉ ለአጥቢያው ሰው ሁሉ ያሟታል። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ፉሪ ዳገት ላይ ያለውን ጅረት ነው፤ ከፏፏቴው በታችና በላይ የሚኖሩት የጣት ቁመት ዓሦች ዘራቸው ይለያይ እንደሆነ ልታውቅ። የታቹን ጨርሳለች። ከላይ ሠላሳ ዓሣ ካልሞላ ግን አማካሪዋ ጅረቱን ከጥናቱ እንደሚሰርዙት ቁርጡን ነግረዋታል። በእጇ ያለው አሥራ ሁለት ነው፣ የቀራት ደግሞ ይህችው ቀን ብቻ።

ዘመኑ 2008 ነው። የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ገበሬውን ከመሬቱ ያፈናቅላል ተብሎ አገሩ ተነሥቷል፤ አስፋልቱም በድንጋይ ተዘግቷል። በዚያ ሰሞን ጣቢታ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ዓሣ የያዘችበትን ቦታ ልትመዘግብ ረጅሙን ቢጫ ሜትር በጅረቱ ዳር ዘረጋችው! የተማረ ሰው እንዲህም ይሞኛል።

«ማል ሆጀታ? ምን ትሠሪያለሽ? መሬታችንን ማን አስለካሽ?» አላት ቦጂያ የሚባል ወጣት፣ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ከቧት። መረቡንም ባልዲውንም ነጠቋት።

«መሬት አይደለም፣ ዓሣ ነው የማጠናው!»

«በዚህ ሜትር? ምን የሚያክል ዓሣ ነው ባክሽ!» ብለው ሣቁባት። ፈርታለች፤ ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ ይብሳል።

ማሳቸው ከጅረቱ የሚዋሰነው አዛውንቱ ኦቦ ኢተፋ ግርግሩን ሰምተው መጡ። «እስቲ ትናገር፣ ተዋት» አሉ።

ጣቢታ ከነጠቋት ባልዲ አንድ ዓሣ አወጣች። ከጭራው ጫፍ ቅንጣት ቆርጣ አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተተችና ዓሣውን ለቀቀችው። «ኦቦ ኢተፋ፣ አዩት? የታቹ ዓሣ ፏፏቴውን መውጣት አይችልም። ይሄኛው ስንት ሺህ ዓመት እዚሁ ለብቻው ሲዋለድ ኖሮ ይሆናል። ዘሩን ከዚች ቅንጣት እናየዋለን።»

«ሌላ ወንዝ ቢያዛውሩትስ?» አሉ ኦቦ ኢተፋ።

«ከሌላው ይቀላቀልና የራሱ ዘር ይጠፋል። አንዴ ከጠፋ ደግሞ የትም አይገኝም።»

ሽማግሌው ወደ ማሳቸው ዞር ብለው ተመለከቱ። ቦጂያም ዓይኑን ከባልዲው ማንሣት አቃተው።

«ዱጋ?» አላት፣ እውነት ነው ወይ ሊል።

«ዱጋ» አለችው።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ሠላሳ መሙላት እንዳለበት ስትነግራቸው ቦጂያና ጓደኞቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ዓሣ ሊይዙላት ጅረቱ ውስጥ ዘለው ገቡ። ውኃው ደፈረሰ፣ መረቡ ተቀደደ፣ አንዱ ተንሸራቶ እስከ አንገቱ ራሰ። ጣቢታ ከተወለደች እንደዚያ ቀን ሥቃ አታውቅም። ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ ሠላሳው ሞላ።

«ገላቶማ፣ በቃን!» እያለች ስታመሰግን ቦጂያ አንድ ጨምሮ ይዞ መጣ።

«ይሄ ትርፍ ነው፣ ልቀቀው።»

ኦቦ ኢተፋ ተቆጡ። «ምን ማለት ነው ትርፍ? እሱስ የዚሁ ጅረት ልጅ አይደለም? ጻፊው! ያልተጻፈውን ነው በኋላ መጥተው አልነበረም የሚሉት።»

ጣቢታ እየሣቀች አዲስ ብልቃጥ ከፈተችና ሠላሳ አንድ ብላ ጻፈች።