ሦስተኛው ካሜራ ላይ የተሰቀለው ሻሽ

ሰባት ሰዓት አለፈ፤ ሦስተኛው ስክሪን አሁንም ወጥ ሰማያዊ ነው። ፊርደውስ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሳች።

የኮምቦልቻው ጥጥ መጋዘን ከነአራት ካሜራው በአደራ የተሰጠው ለእሷ ነው። ካሜራዎቹ የሚያዩት ሙቀት ነው፤ የታሰረ ጥጥ ውስጥ ውስጡን መጋል ሲጀምር፣ ገና ጭስ ሳይወጣ፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ነጥብ ብቅ ይላል። ይህን ለሠራተኞቹ ማን ያስረዳቸው? መቆጣጠሪያ ክፍሉ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ ወሬው እንደልቡ ሮጠ፤ ካሜራው ልብስ አልፎ ገላ ያያል ተባለና ደሴ ድረስ ተሰማ። ፊርደውስም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብቻዋን ምስጢር አዋቂ መሆኗ ደስ ይላት ነበር።

መጋዘኑ ጥግ የሚሰግዱት ሴቶች ሦስተኛውን ካሜራ በሻሽ መሸፈን ጀመሩ። ሸፋኟ ማን ብትሉ፣ የፊርደውስ የገዛ አክስቷ፣ እዚያው ጥጥ ተሸክመው ያስተማሯት ከሪማ ናቸው። “ለሰላት ብቻ ይሁን አክስቴ፣ ሲጨርሱ ያውርዱት” ብላ ዝም አለች። አለቃዋ አቶ ጸጋው ቢሰማ ሁለቱንም ያባርራል።

ዛሬ ግን ሻሹ አልወረደም። ደወለች፤ የአክስቷ ስልክ ዝግ ነው። ሰላት ላይ ናቸው ትላለች፤ መለስ ብላ ደግሞ፣ ሰላት እኮ ይህን ያህል አይቆይም ትላለች። ለአለቃዋ እንዳትናገር የአክስቷ እንጀራ ነው፤ ስክሪኑን ጥላ እንዳትወጣ የራሷ። በመጨረሻ ስክሪኑን ጥላ ወጣች።

መጋዘኑ ውስጥ ጭስ የለም፣ ሽታም የለም። ሴቶቹ ሰግደው ጨርሰው ጥጡን ተደግፈው ያወጋሉ። “ዛሬ ይቺ ቦታ ሞቅ ብላ ለወገቤ ደግ ሆነችልኝ፣ ወላሂ” አሉ ከሪማ።

ፊርደውስ አክስቷ የተደገፉትን ጥጥ አየች። መሰላል ወጥታ ሻሹን ጎተተችና ለአቶ ጸጋው ደወለች። “መቆጣጠሪያ ክፍሉ ክፍት ነው፤ ገብተው ሦስተኛውን ስክሪን ይዩልኝ።”

ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀች።

“ከሴቶቹ ጀርባ ቀልቷል” አለ አቶ ጸጋው። “ቶሎ አስወጫቸው።”

የመጋዘኑ እቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የጥጡን እስር ሜዳ ላይ አውጥቶ የታሰረበት ሽቦ ሲቆረጥ፣ ውስጡ ፍም ሆኗል፤ አየር እንዳገኘም ቦግ አለ። በውሃ ተረባርበው አጠፉት። ከሪማ ወገባቸውን ይዘው ቀሩ።

“ሻሹ የማን ነው?” አለ አቶ ጸጋው።

ፊርደውስ አክስቷን ቀደመች። “ከረመዳን ጀምሮ አውቃለሁ። የፈቀድኩት እኔ ነኝ።”

የክፍሉን ቁልፍ እንድትሰጠው እጁን ዘረጋ። እሷ ግን የአክስቷን እጅ ይዛ ክፍሉ አስገባቻቸው። ስክሪኑ ላይ ጓደኞቻቸው ቢጫና ቀይ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ፤ ገላ የለ፣ ፊት የለ፣ ማን ማን እንደሆነች እንኳ አይለይም።

“ይኸው ነው?” አሉ ከሪማ።

“ይኸው ነው አክስቴ።”

ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩት። “ታዲያ አንድ ቀን ጠርተሽ ብታሳዪን ምን ነበረበት፣ ልጄ?”

 ፊርደውስ አቶ ጸጋው የጠየቃትን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።